ልምጭ የሚደብቀው

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በሺንሺቾ ስለ ልምጭ ሲነሳ ብዙ ወላጅ የሚያመጣው መከራከሪያ አንድ ነው፤ «እኛ ተገርፈን አይደል ሰው የሆንነው?» የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ስለነበሩ ደግሞ ጥፋቱን በዱላ መቅረት ያላከኩ ነበሩ። ዱላው ግን መቼ ቀረ?

በሕግ ቀርቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2039 ተማሪን በልኩ መምታትን እንደ ጥፋት አይቆጥርም ነበር። የበላዩ ሕገ መንግሥቱ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያለው ልማድ ግን አሁንም ከአሮጌው ሕግ ጋር ነው። ያንግ ላይቭስ የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት፣ በ2002 ዓ.ም. ገደማ የያኔውን ደቡብ ክልል ጨምሮ በኢትዮጵያ የ8 ዓመት ልጆችን ሲጠይቅ፣ ከአራቱ ሦስቱ በሳምንቱ ውስጥ መምህር ተማሪ ሲመታ አይተናል ብለዋል።

ልጁ የሚመታው ስለባለገ ብቻ ቢሆን ክርክሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ውሃ ቀድታ፣ ለታናናሾቿ ቁርስ ሰጥታ የመጣችው ልጅ አረፈድሽ ተብላ በሩ ላይ ትንበረከካለች። የክፍል አለቃው የረባሽ ስም ይጽፋል፤ ያልወደደውንም ይጨምራል። ከሁሉ የከፋው ግን አለማወቅ የሚያስመታበት ጊዜ ነው። የሀዲያ ወይም የከምባታ ልጅ የታችኞቹን ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ትናንት ያወቀውን ሒሳብ ዛሬ በማያውቀው ቋንቋ ይጠየቃል። ዝም ሲል ሰነፍ ይባላል፤ ኩርኩም ይከተላል።

ልጁ ከዚህ የሚማረው አለማወቁን መደበቅን ነው። እጁን አያወጣም፤ የቤት ሥራውን በጠዋት ከጓደኛው ይገለብጣል፤ ጥያቄ በሚበዛበት ቀን ይቀራል። መምህሩ ጸጥ ያለ ክፍልና የተሞላ ደብተር አይቶ ትምህርቱ ገባቸው ብሎ ያልፋል። ልምጭ ለመምህሩ ከሁሉ የሚያስፈልገውን ወሬ፣ ማለትም ተማሪው የቱ ጋ እንደጠፋ፣ ይቆርጥበታል። ያው የያንግ ላይቭስ ጥናት ፔሩ ውስጥ በ8 ዓመታቸው የተመቱ ልጆች በ12 ዓመታቸው በሒሳብ ዝቅ ብለው እንዳገኛቸው ሳነብ ያልገረመኝ ለዚህ ነው።

መምህሩን ጨካኝ ማለት ግን አይበቃም። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው ልክ በክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ክፍል ይዞ 40 ደቂቃ የሚያስተምር ሰው ሌላ መላ ሳይሰጡት ዱላውን ብቻ ቢነጥቁት ስድብ ይተካበታል። ስድቡም ዝም ያሰኛል።

ሌላ መላ እንዳለ ኡጋንዳ አሳይታለች። ሉዌሮ በተባለው ወረዳ በ42 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገ ሙከራ፣ መምህራንና ተማሪዎች የክፍል ደንብን በጋራ እንዲያወጡና ሌላ የቅጣት መንገድ እንዲለማመዱ ተደረገ። በመጨረሻ በሳምንቱ ተመታን ያሉት ተማሪዎች በተሞከረባቸው 31 በመቶ፣ ባልተሞከረባቸው 49 በመቶ ሆኑ። ዱላው አልጠፋም፤ ግን ቀነሰ።

ከምባታ ደግሞ ከኡጋንዳ የቀረበ ምሳሌ አላት። የሴቶች መብት ተሟጋቿ ቦጋለች ገብሬ በ1990ዎቹ ያስጀመረችው የማኅበረሰብ ውይይት፣ ማንም አይነካውም የተባለውን የሴት ልጅ ግርዛት ጉዳይ ሽማግሌው፣ እናቱና ወጣቱ በአንድ ላይ ተቀምጠው እንዲመክሩበት አደረገ፤ በአሥር ዓመት ገደማ የግርዛት ደጋፊው ቁጥር እጅግ ወረደ። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ስብሰባው ግን ብዙውን ጊዜ በመዋጮና በአጥር ጉዳይ ያልቃል። ልምጩ አንድ ጊዜ አጀንዳ ቢሆን መጀመሪያ መናገር ያለባት በር ላይ የተንበረከከችው ልጅ ናት።