ስለ መቀመጫ ኪንታሮት ለእናቶች የተሰጠ ምክር

እናቶች ሆይ፤ ይህ በሽታ የሚያሳፍር ስለሚመስል ሰው ደፍሮ አይናገረውም። አንዲት አራስ ከወለደች አንድ ወር ሲሆናት በዘመድ ተደግፋ ወደ እኔ መጣች። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብላት መሬት መሬት አየች እንጂ መልስ አልሰጠችም። ለባሏም ለእናቷም አልነገረችም ነበር። ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ካልበላሁ አልወጣም፣ ካልወጣሁም አያመኝም በማለት ምግቧንና ውሃዋን ቀንሳ ቆይታለች። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ምግብና ውሃ ባነሰ ቁጥር ዓይነ ምድር ይደርቃል፣ የደረቀውም ሲወጣ ቁስሉን ይብስ ይልጠዋል።

ኪንታሮት ማለት በፊንጢጣ ውስጥና በአፉ ዙሪያ ያሉት ደም ሥሮች ሲያብጡ ነው። በእጅ ላይ የሚወጣውንም ኪንታሮት እንለዋለን፤ ስማቸው አንድ ሆነ እንጂ በሽታቸው የተለያየ ነው። የመቀመጫው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በጋለ ድንጋይ ላይ በመቀመጥም አይመጣም። ዋናው ምክንያት የሆድ ድርቀትና ብዙ ማማጥ ነው። በእርግዝና ጊዜ ማሕፀን ስለሚከብድ ደም ሥሮቹን ይጫናል፤ የምጡም ግፊት ይጨመርበታል። ለደም ማነስ የሚሰጠው የብረት ኪኒንም ሆድ ያደርቃል፣ ዓይነ ምድርንም ያጠቁራል፤ ይሁን እንጂ ኪኒኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ የሰጣችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

በገጠራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ሽንት ቤት በሌለበት ቤት ሴት እስኪመሽ ድረስ ትታገሣለች፤ እስከዚያ ውሃው በአንጀት ተመጦ ዓይነ ምድሩ ይጠነክራል። ባሎችም ይህን ብታነቡ፣ ከቤት ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ መከለል ለሚስት መድኃኒት ከመግዛት የሚያንስ አይደለም።

ሕመሙን ለማስታገስ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ በሳፋ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ነው። ይህንም በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ይልቁንም ከዓይነ ምድር በኋላ ማድረግ ነው። ውሃው እንዳያቃጥል በክርን ሞክሩት። ጨውም፣ ሳሙናም፣ አልኮልም አይጨመርበትም። ሳፋው ለዚሁ ብቻ ይሁን፤ ሊጥ የሚቦካበት አይሁን። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሳይፈትጉ ማድረቅ ነው። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ያልተነፋ ዱቄት ብሉ፤ በቀን 8 ብርጭቆ ያህል ውሃ ጠጡ። ለአራስ ተልባ ጥሩ ነው፤ ታዲያ ብዙ ውሃ ካልተጠጣበት ራሱ ያደርቃል።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚገዛም ቅባት አለ። ሊዶካይን ያለበት ያደነዝዛል፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቆዳውን ይሸፍናል፣ ሃይድሮኮርቲሶን ያለበት ማሳከኩን ይቀንሳል። ሁሉም ያስታግሳሉ እንጂ እብጠቱን ነቅለው አያጠፉም። ሃይድሮኮርቲሶን ቆዳ ስለሚያሳሳ ከ7 ቀን በላይ አይቀባም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከመግዛቷ በፊት ትጠይቅ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪን ግን የሚፈሰውን ደም ሊያበዛ ይችላል።

ስለሚያቃጥለው መድኃኒት ሳልናገር አላልፍም። «ኪንታሮት ነቅዬ አወጣለሁ» የሚል ሰው የሚቀባው ነገር እብጠቱን ብቻ አይደለም፣ ደኅናውንም ሥጋ ያቃጥላል። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው መውጫውን ያጠበዋል፤ ያን ጊዜ የቀድሞው ሕመም በስንት ጣዕሙ ያሰኛል። እባካችሁ አትሞክሩት።

በመቀመጫ ላይ ድንገት ጠንካራ፣ ጠቆር ያለና በጣም የሚያም እብጠት ከወጣ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቶሎ ከተደረሰ ባለሙያ ከፍቶ የረጋውን ደም ሊያወጣው ይችላል። ደሙ ከበዛ፣ ራስ ካዞረ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ወይም ብረት ሳይወሰድ ዓይነ ምድሩ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ አትዘግዩ። ዕድሜ ከገፋ በኋላ አዲስ ደም የታየበት ሰውም ኪንታሮት ነው ብሎ ሳይገምት ይመርመር። በሕፃን ዓይነ ምድር ላይ ደም ካያችሁ ግን ብዙውን ጊዜ ኪንታሮት አይደለም፤ የዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።