«ጎማህ ተንፍሷል»

ሰሞኑን ፎቶ ለምን እንደጠፋ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ካሜራዬ ተሰርቋል።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከሰርግ ስመለስ መገናኛ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜያለሁ። አንድ ልጅ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ የኋላ ጎማህ ተንፍሷል» አለኝ። አመስግኜው ወረድኩ። ጎማው ምንም አልሆነም። ቀና ስል በወዲያኛው በኩል ያለው በር ገርበብ ብሏል፤ ኋላ ወንበር ላይ የነበረው ቦርሳ የለም። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከዚህ ዘዴ «ተጠንቀቅ» ብዬ ስንቱን ሰው መክሬያለሁ መሰላችሁ!

ቦርሳው ውስጥ ካኖን 5ዲ ማርክ 3፣ 24-70 ሌንስ፣ ፍላሽና ሦስት ባትሪ ነበሩ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ሞዴል ስለሆነ ዛሬ ብዙም ላያወጣ ይችላል። ግን የመያዣው ጎማ ሲላቀቅ በሱፐር ግሉ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንገቻው ሲተረተር በሰማያዊ ክር የሰፋችው እናቴ ናት።

የሰርጉ ፎቶ ተርፏል። ይህ ካሜራ ሁለት ሚሞሪ ይይዛል፤ ሁለቱም ላይ እኩል እንዲቀዳ አድርጌ፣ ሥራ ሲያልቅ አንዱን አውጥቼ ኪሴ እከታለሁ። የሙያ ጓደኞቼ፣ ይህችን ልማድ ያዙልኝ።

የሰማ ሁሉ «ዋናው አንተ ደህና መሆንህ ነው፤ ንብረት ይተካል» አለኝ። እውነት ነው። ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ ከቤት በወጣሁ ቁጥር ትከሻዬ ሲቀለኝ ደንግጬ ወደ ኋላ እዞር ነበር። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ደግሞ ልጁን «አመሰግናለሁ» ማለቴ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ መርማሪዋ የካሜራውን ሲሪያል ቁጥር ጠየቀችኝ። በቃሌ አላውቀው፣ የትም አልጻፍኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ደግነቱ ብዙ ካሜራዎች በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር የራሳቸውን ቁጥር ይመዘግባሉ። ማታ ሃርድ ዲስኬን ከፍቼ ከአንድ የድሮ የልደት ፎቶ ላይ አገኘሁት። ስትፈልጉ ዋናውን ፋይል ክፈቱ፤ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከው ላይ ይህ መረጃ ይጠፋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዛሬውኑ ካሜራችሁን ገልብጣችሁ ቁጥሩን በስልክ ማንሳት ነው።

በማግስቱ ቁጥሩን ይዤ ስመለስ መርማሪዋ «የገዛህበት ደረሰኝስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ካሜራውን ከአምስት ዓመት በፊት ከማላውቀው ልጅ ነው የገዛሁት። ዋጋው ሲረክስብኝ ልቤ ጠርጥሮ ነበር፤ አፌ ግን አልጠየቀም። የተሰረቀ ዕቃ እያወቁ መግዛት በሕጋችን ወንጀል መሆኑን ያኔም አውቅ ነበር። ማን ያውቃል፣ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ትከሻው ቀሎት ዞር ብሎ ይሆናል።

ሌባውን ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ያን ቀን ከጣቢያው ስወጣ እንደገባሁት አልነበርኩም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ ያገናኘኝ ልጅ ያንኑ ሞዴል በግማሽ ዋጋ አቀረበልኝ። እጄ ላይ ሲያርፍ ልቤ ደነገጠ፤ ክብደቱ ያው ነው። ገልብጬ አየሁት፤ ቁጥሩ የእኔ አይደለም። «ደረሰኝ አለው?» አልኩት። ካሜራውን ተቀብሎኝ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሄደ።

ለመጪው ቅዳሜ ሰርግ ካሜራ ተከራይቻለሁ።