ለሙዚየም ቅርስ የሚለገስ ገንዘብ ምን ላይ ይዋል?

ጉለሌ ክፍለ ከተማ ከሸማ ሥራ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳ አካባቢ ነው። ሽሮ ሜዳ ወርዶ ለበዓል ልብስ የማይገዛ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። ከዚያው መንገድ ሽቅብ ሲወጣ በሚገኘው የእንጦጦ ማርያም ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የቤተ መንግሥት አልባሳት አሉ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በዚሁ ደብር ነው። የዚያ ዘመን ሐርና ወርቀ ዘቦ እስከ ልጅ ልጆቻችን እንዲቆይ ምን ያስፈልጋል? አቅም ያለው ሰው ልርዳ ቢልስ ገንዘቡ ምን ላይ ቢውል ይጠቅማል?

በጎ አድራጊዎች ለቅርስ ገንዘብ ሲያወጡ በብዛት የምንሰማው ስለ መግዛትና ስለ ማስመለስ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2021 ሸሄራዛድ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከመቅደላ የተዘረፉ ቅርሶችን ገዝቶ ለንደን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ አስረከበ። ዘውድ፣ ጋሻ፣ መስቀልና የቀንድ ዋንጫዎች የነበሩበት ይህ ስብስብ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አዲስ አበባ ገባ። ትልቅ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ ቅርሱ አገሩ ከገባ በኋላ በየዕለቱ ለመጠበቅ የሚወጣው ወጪ ዜና አይሆንም፤ ለጋሽም በቀላሉ አያገኝም።

የቅርስ ዋነኛ ጠላቶች ብርሃን፣ እርጥበት፣ አቧራና ነፍሳት ናቸው። ብርሃን በጨርቅ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እየተጠራቀመ የሚሄድ ሲሆን፣ አንዴ የደበዘዘ ቀለም አይመለስም። በዚህ ምክንያት ሙዚየሞች ለሐርና ለጥጥ የሚፈቅዱት ብርሃን ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥ ይመከራል። እንጦጦን በመሰለ ከፍታ ላይ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ከዚህ እጅግ የበዛ ነው። የክረምቱ ጉም የሚያመጣው እርጥበት ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። ብል ሐርንና ሱፍን ይበላል። በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ካባ ለዓመታት ተሰቅሎ ከቆየም የራሱ ክብደት ትከሻው ላይ ይቀደዋል።

እነዚህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ነገር ብዙዎች እንደሚገምቱት ውድ አይደለም። የእርጥበት መለኪያ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ አሲድ የሌለበት መጠቅለያ ወረቀት፣ ካባውን አጋድሞ የሚይዝ ሰፊ መሳቢያ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ፎቶግራፍ ተነስቶ የሚመዘገብበት መዝገብ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ጥገና ሲባል ግን ጥንቃቄው ይበልጣል። ያለ ዕውቀት የተደረገ ጥገና ከእርጅና የባሰ ጉዳት ያደርሳል። የግብፁ የቱታንካሙን የወርቅ ጭንብል ጥሩ ማስተማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ካይሮ በሚገኘው ሙዚየም የጭንብሉ ጢም ሲነቀል ሠራተኞች በጥድፊያ ኢፖክሲ በተባለ ማጣበቂያ ለጠፉት። የፈሰሰውን ማጣበቂያ ለመፋቅ ሲሞከርም ወርቁ ተጫረ። በማግስቱ ዓመት በጀርመን ድጋፍ አንድ የባለሙያዎች ቡድን ማጣበቂያውን ቀስ በቀስ አስለቅቆ ጢሙን በንብ ሰም መልሶ አያያዘው። ሰም ሲፈለግ ያለ ጉዳት ይለቃል። የሙያው ዋና ሕግም ይኸው ነው፤ ዛሬ የተደረገ ጥገና ነገ ሊነሳ የሚችል መሆን አለበት። በአገራችንም የደበዘዘ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል «ይታደስ» ተብሎ በአዲስ ቀለም ሲደረብበት ያየ ሰው ነገሩን በሚገባ ይረዳዋል።

ሕጉም ይህን ያገናዘበ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ማንኛውም የቅርስ ጥገና በቅድሚያ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት እንዳለበት ደንግጓል። በመሆኑም ለጋሹ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ቢያነሳ ተገቢ ነው፦ ፈቃድ ተገኝቷል ወይ? ሥራውን የሚሠራው ማን ነው? ከጥገናው በፊት የነበረው ሁኔታ በፎቶግራፍና በጽሑፍ ተመዝግቧል ወይ?

ለዚህ ዓይነት ድጋፍ አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ከአባላትና ከልዩ ልዩ ዝግጅቶች ገንዘብ እያሰባሰበ ለሙዚየሙ ሥዕሎችንና ሌሎች ቅርሶችን ሲገዛ ኖሯል። ጥቂት ባለሙያዎች፣ ነጋዴዎችና የአካባቢ ነዋሪዎች ተሰባስበው ለአንድ የደብር ሙዚየም ተመሳሳይ ማኅበር ቢያቋቁሙ የአንድ ሠራተኛ ሥልጠና ወይም የአንድ ክፍል መጋረጃ ወጪ ከአቅማቸው በላይ አይሆንም።

የለጋሹን ስም የያዘ የመስታወት ሣጥን ለዓይን ይማርካል። ሣጥኑ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ከተቀመጠ ግን ውስጡ ያለው ሐር ከዓመት ዓመት እየነጣ ይሄዳል። ልግስና ከመጋረጃው ቢጀምር ይሻላል።