የደቦው ተራ

የልደት በዓል ለዲላና ለአካባቢው ገበሬ የሚደርሰው የቡናው ለቀማ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የሚቀላው እሸት በነቢያት ጾም ሁሉ ሲለቀም ይከርማልና፥ በዚያ አገር ያደግን ልጆች በዓሉን የምናስበው ከደቦ ጋር ነው።

በየጓሯችን እንሰትና ቡና በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር አብረው ይበቅላሉ። የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ያስገባው ይኸው አያያዝ ነው። የሁለቱ ተክሎች ጠባይ ግን ለየቅል ነው። እንሰት ታጋሽ ነው፤ ለመድረስ ዓመታት ቢፈጅም ከደረሰ በኋላ ቆሞ ይጠብቃል። በመሆኑም እናቶቻችን ተሰብስበው የሚፍቁበትን ቀን እንደ ሁኔታው ያዛውሩት ነበር። የቀላ ቡና ግን አይጠብቅም። ከዛፉ ላይ ከሰነበተ ይደርቃል፤ ተለቅሞም በቶሎ ከመፈልፈያ ጣቢያ ካልደረሰ ለታጠበ ቡና አይሆንም፥ በጀንፈልነት ይሸጣል። ስለዚህ የቡና ደቦ ትልቁ ጥያቄ የተራው ጥያቄ ነበር። የመጨረሻው ተራ የደረሰው ጎረቤት ይጎዳል።

በሰፈራችን የመጀመሪያው ቀን ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት እናት ነበር። አባታችን በዋዜማው ከደጃፋቸው ቆመው፥ «እትዬ፥ ነገ በጠዋት እንመጣለን፤ ቅርጫት ብቻ ያዘጋጁ» ይሏቸው ነበር። በማግሥቱ ጎልማሶቹ ቅርንጫፉን ጎንበስ ያደርጉታል፤ እኛ የታችኛውን እንለቅማለን። ጥሬውን ከቀላው ጋር የቀላቀለ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጣል። ምሳው ቆጮና ጎመን ነው፤ የጾም ወቅት ነውና ቅቤ የለውም።

የእኛ ቡና እየረገፈ የእርሳቸውን ለምን እንደምናስቀድም በጠየቅን ጊዜ፥ አባታችን የመለሱልን «እኛ በቤታችን ስድስት ነን፤ እርሳቸው ብቻቸውን ናቸው» ብለው ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 24 ከመከሩ የቀረው ለመጻተኛ፥ ለድሃ አደግና ለመበለት እንዲተው ያዝዛል። የሰፈራችን ገበሬዎች ግን ለመበለቲቱ የሰጡት የቀረውን ሳይሆን የመጀመሪያውን ቀን ነበር።

ዛሬ አቅም ያለው በቀን ሠራተኛ ያስለቅማል። ይህን አንነቅፍም፤ ለቀማ የብዙ ወጣት እንጀራ ነው። ጉልበትም ገንዘብም የሌላት እናት ግን በዚህ አሠራር ተራ የላትም። የበዓሉ ሰሞን ሰንበቴ ላይ ስንገናኝ የማን ቡና ገና ከዛፍ እንዳልወረደ ብንጠያየቅ፥ ለአንድ ቀን ደቦ ጊዜው አላለፈም።