ሰይፍ ሲመዘዝ ካሜራው የት ነው?

የሰይፍ ጀብዱ ፊልም ታሪኩ አያወሳስብም። በግፍ ማዕረጉን ወይም ርስቱን የተነጠቀ ጀግና አለ፤ ሥልጣኑን መበዝበዣ ያደረገ ሹም አለ፤ ገመድ፣ ደረጃ፣ መርከብ፣ ፈረስ አለ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሰይፍ ለሰይፍ ይገናኛሉ። ማን እንደሚያሸንፍ ተመልካቹ ገና ከመነሻው ያውቀዋል። ሁለት ሰዓት ቁጭ የሚለው እንዴት አድርጎ እንደሚያሸንፍ ለማየት ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ፊልም ለሰው ከመጠቆሜ በፊት አንድ ነገር አያለሁ፤ ፍልሚያው ሲሞቅ የተዋናዮቹ እግር ይታያል ወይ? የሰይፍ ጨዋታ ግማሹ ያለው እግር ላይ ነው። መግፋትም፣ ማፈግፈግም፣ ርቀት መጠበቅም የእግር ሥራ ነው። ካሜራው ፊት ላይ ተለጥፎ ምስሉ በየሰከንዱ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተዋናዩ አልሠለጠነም፤ ኤዲተሩ ጉዱን እየሸፈነለት ነው። ራቅ ብሎ ሁለቱንም ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚያሳይ ካሜራ ግን የሚደብቀው ነገር የለም። ከዚህ በታች ያሉት በዚህ ወንፊት ያለፉ ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዘውጉን በሲኒማ ያቆመው አሜሪካዊው ዳግላስ ፌርባንክስ ነው። እስከ 1920 ድረስ የሚታወቀው በዘመኑ ልብስ በሚሠራቸው ኮሜዲዎች ነበር። በዚያ ዓመት «ዘ ማርክ ኦፍ ዞሮ»ን ሠርቶ ሕዝቡ ሲወድለት ሙሉ በሙሉ ወደ ጭምብልና ሰይፍ ዞረ። በ1926ቱ «ዘ ብላክ ፓይሬት» ጩቤውን የመርከቡ ሸራ ላይ ሰክቶ፣ ሸራውን እየተረተረ ከላይ እስከ ታች የሚንሸራተትበት ትዕይንት እስከ ዛሬ ይኮረጃል። ፊልሞቹ ድምፅ አልባ ስለሆኑ ቋንቋ አያስቸግርም፤ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብታቸው ስላበቃም በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ።

ድምፅ ሲመጣ ዘውጉ ጥቂት ቀዝቅዞ ነበር። በ1935 ዋርነር ብራዘርስ «ካፒቴን ብለድ»ን ሊሠራ ሲነሣ፣ የታሰበው ሮበርት ዶናት የሚባል የታወቀ ተዋናይ ነበር። እሱ ሲቀር ቦታው ከአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ለመጣ፣ ስሙን ማንም ለማያውቀው ኤሮል ፍሊን ተሰጠ። ከጎኑ የቆመችው ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ሁለቱ ይህን ጨምሮ በድምሩ ስምንት ፊልም አብረው ሠርተዋል። ታሪኩ በ1685 በእንግሊዝ በተነሣ ዓመፅ አንድ ቁስለኛ በማከሙ ብቻ ተፈርዶበት፣ ጃማይካ ውስጥ በባርነት ስለተሸጠና በኋላ የባሕር ወንበዴ ስለሆነ ሐኪም ነው። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በዚያች ደሴት በሸንኮራ እርሻ የሚማቅቁት አፍሪካውያን ነበሩ፤ ፊልሙ የሚያለቅሰው ግን ለነጩ ባሪያ ብቻ ነው።

ቁንጮው ሦስት ዓመት ቆይቶ መጣ። የ1938ቱ «ዘ አድቬንቸርስ ኦፍ ሮቢን ሁድ» ማይክል ከርቲዝና ዊልያም ኬይሊ ያዘጋጁት ባለቀለም ፊልም ነው፤ አረንጓዴውና ቀዩ ዛሬም ዓይን ይስባል። በደረታቸው ቀስት ተተክሎባቸው ከፈረስ የሚወድቁት ሰዎች በእውነት እየተወጉ ነው። ከልብሳቸው ሥር የብረት ሰሌዳና እንጨት ያስራሉ፤ ሃዋርድ ሂል የሚባለው ዝነኛ ቀስተኛ በትክክለኛ ቀስት ይመታቸዋል፤ እነሱም በቀስቱ ቁጥር ይከፈላቸዋል።

ማብቂያው ላይ ያለው ፍልሚያ ተደጋግሞ መታየት አለበት። ፍሊንና የሰር ጋይን ገጸ ባሕርይ የያዘው ባዚል ራትቦን ጠመዝማዛውን የድንጋይ ደረጃ እየተገፋፉ ይወርዳሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ይወጣሉ፤ ትልቁ የሻማ መቅረዝ ይገለበጣል። ከዚያ ሁለቱም ከካሜራው ዓይን ይጠፋሉ። ግዙፍ ዓምድ ላይ የሚጋጩት ጥላዎቻቸው ብቻ ይቀራሉ። ወዲያው ዓምዱን ዞረው ራሳቸው ብቅ ይላሉ። ይህን የቀመረው ፍሬድ ካቨንስ የሚባል ቤልጅየማዊ የሰይፍ መምህር ነው። የካቨንስ ዘዴ ምቱን ማስፋት ነበር፤ የስፖርት ግጥሚያ ዓይን ከሚከተለው በላይ ስለሚፈጥን፣ ለሲኒማ የሚሆን ምት ከኋላ ወንበር ላለውም እንዲታይ ተደርጎ መሰንዘር አለበት።

ሙዚቃውን የደረሰው ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ ለዚሁ ሥራ ከቪየና ወደ ሆሊውድ በተጠራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሂትለር ኦስትሪያን ጠቀለላት። ኮርንጎልድ አይሁዳዊ ነበር። ኋላ ላይ ሕይወቱን ያተረፈለት ይህ ፊልም መሆኑን ይናገር ነበር። ለሥራው ኦስካር ተሸልሟል።

ስለ ራትቦን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሰውየው ከካሜራ ውጭ የተዋጣለት የሰይፍ ተጫዋች ነበር፤ ከፍሊን ጋር በእውነት ቢገጥም ፍሊን የሚተርፍ አይመስለኝም። ነገር ግን የክፉ ሰው ፊት ስላለው ዕጣው መሞት ሆነ። በ«ካፒቴን ብለድ» በባሕር ዳርቻ ይሞታል፤ በ«ሮቢን ሁድ» ከደረጃ ይወድቃል፤ በ1940ው «ዘ ማርክ ኦፍ ዞሮ» ደግሞ በታይሮን ፓወር ሰይፍ ያልቃል። ይህ የመጨረሻው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስለሆነ መሸሻ የለውም፤ ለእኔ ከሦስቱ በጥራት የሚበልጠው እሱ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከወጡት ውስጥ የ1952ቱ «ስካራሙሽ» ይቀድማል። ስቱዋርት ግሬንጀርና ሜል ፌረር ሰው በሞላበት ቴአትር ቤት ይገጥማሉ። ከፎቁ መቀመጫዎች ጠርዝ ይጀምራሉ፤ በመተላለፊያው አድርገው ወደ ደረጃው ይዘልቃሉ፤ በተመልካቹ ወንበሮች ላይ እየረገጡ መድረኩ ላይ ይወጣሉ። ከ6 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሙዚቃ የለም። የሚሰማው የብረት ፍጭትና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው።

የሦስቱ ሙስኬተሮች፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ዘቦች፣ ታሪክ ተደጋግሞ ተቀርጿል። ልብ ወለዱን በ1844 በጋዜጣ በተከታታይ ያወጣው አሌክሳንደር ዱማ፣ አያቱ ዛሬ ሃይቲ በምትባለው አገር በባርነት የኖረች ጥቁር ሴት ነበረች። ከፊልሞቹ የሪቻርድ ሌስተር የ1973ቱ ይሻለኛል። እዚያ ሰይፈኞቹ ይደክማሉ፣ ይራገጣሉ፣ እጃቸው የገባውን ሁሉ ይወረውራሉ። ተዋናዮቹ አንድ ፊልም የሠሩ መስሏቸው ፕሮዲውሰሮቹ ለሁለት ከፍለው ስላወጡት ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። የ2023ቱ የፈረንሳዮች ሥራም መጥፎ አይደለም፤ ጭቃውና ጨለማው ግን በዛብኝ።

ጀብዱ ሲበዛ ለሚሰለቸው ሰው የሪድሊ ስኮት የመጀመሪያ ፊልም፣ የ1977ቱ «ዘ ዱዌሊስትስ» አለ። ሁለት የናፖሊዮን መኮንኖች በማይረባ ምክንያት ተጣልተው ለዓመታት ይፋለማሉ። ምድር ቤት ውስጥ በከባድ ጎራዴ የሚገጥሙበትን ይመልከቱ። ክንዳቸው ዝሎ ብረቱን ማንሣት ያቅታቸዋል፤ ያቃስታሉ፣ ይንገዳገዳሉ። ከፍሊን ፈገግታ ቀጥሎ ሲታይ ያስደነግጣል።

ለቤተሰብ የሚሆነው የሮብ ራይነር የ1987ቱ «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ» ነው። ጥቁር የለበሰው ሰው ገደሉን ወጥቶ ሲደርስ ባላጋራው ኢኒጎ እስኪያርፍ ይጠብቀዋል፤ የአባቱን ታሪክ ያጫውተዋል፤ ሰይፉንም ያሳየዋል። ከዚያ ይጀምራሉ። ሁለቱም በግራ እጃቸው ይዘው ቆይተው፣ ሲጠብባቸው ተራ በተራ ወደ ቀኝ ያዛውራሉ። ኬሪ ኤልዊስና ማንዲ ፓቲንኪን ለወራት ሠልጥነው ፍልሚያውን ከሞላ ጎደል ራሳቸው ነው የሠሩት። ካሜራውም ይህን ስለሚያውቅ ራቅ ብሎ ይቆማል። ካሠለጠኗቸው አንዱ በ1952 ኦሎምፒክ ለብሪታንያ የተጫወተው ቦብ አንደርሰን ነው። በሁለት የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞች የዳርዝ ቬደርን ጭንብል አጥልቆ በብርሃን ሰይፍ የተጋጠመውም እሱ ነበር፤ በ1998ቱ «ዘ ማስክ ኦፍ ዞሮ» ደግሞ አንቶኒዮ ባንዴራስን አሠልጥኗል።

ጊዜዎ ለአንድ ፊልም ብቻ ከሆነ የ1938ቱን «ሮቢን ሁድ» ይምረጡ። ልጆች ካሉ «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ»ን ያስቀድሙ። «ዘ ዱዌሊስትስ»ን ግን እነሱ ከተኙ በኋላ ይክፈቱት።