ፊደል ሲወፍርና ሲያጋድል

አንዲት እናት በገበያ ቀን ያጋጠማቸውን ነገሩን። እኚህ እናት ከእኛ ጋር ፊደል ቆጥረው፣ መጽሐፋቸውን ጨርሰው፣ የልጃቸውን ደብዳቤ ራሳቸው የሚያነቡ ናቸው። ወደ ደሴ ለመሄድ አውቶቡስ ማቆሚያ ቆመው የመኪናውን ግንባር አነበቡ። «ደቤ» የሚል መሰላቸው። ደቤ የሚባል አገር አያውቁም። መኪናው ጥሏቸው ሄደ፤ እሳቸውም እዚያው ከተማ አደሩ። ጽሑፉ ለካ «ደሴ» ኖሯል።

«ያወቅሁት ፊደል ጠፋብኝ» ሲሉን አዘንን። አልጠፋባቸውም። ጥፋቱ የእኛ ነው። የመጽሐፉን ፊደል አስተማርናቸው እንጂ የመንገዱን አላሳየናቸውም።

የመንገዱ ፊደል እንዴት ያለ ነው? ከሩቅ እንዲታይ ወፍራም ነው። ሰሌዳውን እንዲሞላ ሰፊ ነው። የሚሮጥ እንዲመስል ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው። ማዕዘኑም እንደ ያለቀ ሳሙና ድቡልቡል ነው። ይህ ፊደል መንገደኛን ለመጥራት የተሠራ ነው፤ አንድ ገጽ ሙሉ በዚህ ቢጻፍ ዓይን ይደክማል።

ያጋደለ የላቲን ፊደል የመጣው ከጣሊያን አገር ነው። በቬኒስ ከተማ አልዱስ ማኑቲየስ የተባለ አሳታሚ፣ ፍራንቸስኮ ግሪፎ በቀረጸለት ያጋደለ ፊደል በ1501 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሙሉ መጽሐፍ አተመ። ያኔ ማጋደሉ የእጅ ጽሕፈትን ለመምሰል ነበር። ሰፊውና ጠርዙ የጎበጠው ግን ቅርብ ነው። በ1952 በቱሪን ከተማ፣ ኔቢዮሎ በተባለ የፊደል ፋብሪካ፣ አሌሳንድሮ ቡቲና አልዶ ኖቫሬዜ ማይክሮግራማ የተባለውን ፊደል አወጡ። ቅርጹ የዱሮ ቴሌቪዥን መስኮት ይመስላል። ትልልቁ ፊደል ብቻ ነበረው፤ በ1962 ኖቫሬዜ ትንንሹን ጨምሮ ዩሮስታይል አለው። ይህ ዓይነት ጽሑፍ በማሽንና በመኪና ላይ ይወደዳል።

የግዕዝ ፊደል መጀመሪያ በማተሚያ የወጣው ሮም ላይ በ1513 ነው። መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት ነበር። ፊደሉም ቀጥ ብሎ የቆመ ነው።

ወደ ደሴ እንመለስ። «ሰ» በራሱ ላይ አጭር ዘንግ አለው፤ «በ» ግን የለውም። ቀለሙ ሲወፍር ዘንጉ ያጥራል። የ«ሰ» ትከሻ ሲሰፋ ደግሞ የ«በ»ን ይመስላል። «ነ» እና «ኘ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ላዩ ላይ ያለችው መስመር ከወፈረው ቀለም ጋር ትጣበቃለች። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ እግሩን ቁጠሩ። ቀጥሎ ራሱን እዩ። አሁንም ካልገባችሁ ጎረቤቱን ፊደል ጠይቁት። ሹፌሩን ወይም ረዳቱን መጠየቅም ነውር አይደለም፤ እኛም ከተማ ውስጥ እንጠይቃለን።

ቅዳሜ ዕለት እኚያን እናት ከሰል ሰጥተን ግድግዳ ላይ «ደሴ»ን አስጻፍናቸው። ከዚያም አወፍሩት፣ አጋድሉት አልናቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩትና ሳቁ። «ይኸው! ዘንጉን የዋጠው ውፍረቱ ነው» አሉ።