ዝም ብሎ የሰማ ሁሉ ገብቶታል?



ከሐዋሳ መሐል ከተማ በዲላ መንገድ ወደ ደቡብ ስንወጣ ቱላን እናገኛለን። የሐዋሳ ክፍለ ከተማ ትሁን እንጂ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ እንሰት ያለበት ጓሮ ነው። በአንድ የክረምት ዕረፍት እዚያ ለተሰበሰቡ ተማሪዎች ትምህርት እንድንሰጥ ተጋበዝን። ርዕሳችን ኢኽላስ ነበር። ሌሊቱን ኪታብ ስናገላብጥ አምሽተን፣ ሰባት ገጽ ማስታወሻ ይዘን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርን። የዑለማዎችን ፍቺ ከነዐረብኛው ደረደርን፤ ደረጃውንና ማፍረሻዎቹን ቆጠርን። ልጆቹ ጸጥ ብለው አዳመጡን፤ እኛም በልባችን ተደሰትን። (ስለ ኢኽላስ እያስተማሩ በራስ ንግግር መደሰት ምን እንደሚባል አንባቢ ይፍረደን!)

«ጥያቄ ያለው?» ብንል ማንም አልነበረም። ጫማችንን ስናደርግ ግን አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቀረብ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ ኢኽላስ ግን ምንድን ነው?» አለን።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ፕላዝማ ትዝ አለን። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት ተማሪዎች እኛም ነበርንበት። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ፍጥነት ይመጣል። ከፊታችን የቆመው መምህር መግቢያና መጨረሻው ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረችው። በመስኮቱ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ያልፋል፤ እኛ ገና ጥያቄውን ገልብጠን አልጨረስን። ስንቱ ጎበዝ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ «እኔ ደንቆሮ ነኝ» ብሎ ተስፋ ቆረጠ! በቱላ ደግሞ እኛው ራሳችን ፕላዝማ ሆነን አረፍነው።

ሱናው እንዲህ አልነበረም። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ንግግር ቆጣሪ ሊቆጥረው እስኪችል ድረስ የረጋ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። እንዲገባ ሲሹ ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ ነበር። በመሬት ላይ መስመር አስምረው የሰውን ምኞትና የዕድሜውን ወሰን አሳይተዋል። ሙስሊምን የምትመስል ዛፍ ማን እንደሆነች ሰሓቦችን እንደ እንቆቅልሽ ሲጠይቁ፣ ወጣቱ ኢብኑ ዑመር ተምር መሆኗን ቢያውቅም ከታላላቆቹ ፊት አፍሮ ዝም ማለቱን ቡኻሪ ዘግበዋል። ኢብኑ መስዑድም (ረ.ዐ.) በየሐሙሱ ብቻ ያስተምሩ ነበር፤ በየቀኑ ይሁንልን ሲባሉ እንዳያሰለቹ መስጋታቸውን ተናግረዋል። እኛ ግን የሳምንቱን በአንድ ቀን ጫንን።

የአገራችን ሼኾችም ይህን ያውቁበታል። በወሎ ሐሪማዎች ደረሳው ከሼኹ ፊት ተቀምጦ ኪታቡን ሲቀራ ሼኹ ቃል በቃል በአገሩ ቋንቋ ይፈቱለታል፤ እሱም መልሶ ያሰማል። ሼኽ ጦልሓ ጃዕፈር በዐረብኛ ፊደል አማርኛ የጻፉት ሕዝቡ እንዲገባው ብለው ነው። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. ሲታተምም የብዙ ቤተሰብ በር ተከፍቷል። ቱላ ላይ ደግሞ አማርኛውም ለብዙው ልጅ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ቤቱ የሚያወራው ሲዳምኛ ነው። ይህን ሳናስብ መሄዳችን ዛሬም ያሳፍረናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት ነገር ብቻ ይዘን ሄድን። በሱረቱ ነሕል 66ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ከፈርስና ከደም መካከል ስለሚወጣው ንጹሕ ወተት ሲነግረን «ኻሊስ» ይለዋል፤ ኢኽላስም ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል ነው። «ወተት ውስጥ ውሃ ቢገባ በምን ይታወቃል?» ብለን ጠየቅን። ያ ዝምተኛ ክፍል ተንጫጫ! «በዓይን አይለይም» አለ አንዱ፤ «ሲናጥ ቅቤው ያንሳል» አለች ሌላዋ። ከዚያ ወዲያ አባቱ ሲያየው ብቻ ሩኩዑን ስለሚያስረዝም ልጅ መናገር ምንም አላስቸገረንም። «አሁን ኢኽላስን ለጎረቤታችሁ በምትፈልጉት ቋንቋ ንገሩት» ብለን አምስት ደቂቃ ሰጠናቸው። ሲዳምኛው፣ ስልጥኛው፣ አማርኛው ተደባለቀ። እኛ የተናገርነው በጠቅላላው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

ሲበተኑ ያ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቀረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኡስታዝ፣ ወተቱ የቤት ቢሆንስ? ውሃ የሚጨምረውም ትልቅ ሰው ከሆነ ልጅ ምን ይላል?» አለን።

በሰባቱ ገጽ ማስታወሻችን ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም። ጫማችንን መልሰን አወለቅንና ከመስጊዱ በር አጠገብ አብረነው ቁጭ አልን፤ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) አባታቸውን ሲመክሩ በምን ዓይነት ለስላሳ ቃል እንደጠሯቸው ከሱረቱ መርየም እየነገርነው መግሪብ ደረሰ።